ከወፍ ጠባቂነት ወደ ወፍ መጋቢነት

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ዝግጅት ላይ፣ ኒምራ ታላታ፣ ጁባ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ጋሼ፣ አንድ ንግግር ያድርጉልን» ሲለኝ ስለ ማኅበሩ አመሠራረት እንድናገር የተፈለገ መስሎኝ የድሮ ደብተሬን ማገላበጥ ጀምሬ ነበር። «የለም፣ ታሪኩን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እርስዎ ስለ ወፎችዎ ይንገሩን» አሉኝ። ሳቅሁ። በሰፈራችን ስሜን የማያውቅ ሰው እንኳ «የወፎቹ ሰውዬ» ብሎ ቤቴን ያሳያል፤ ስሙ ከወጣልኝ አይቀር ልናገር ብዬ እነሆ ቆሜያለሁ። የወፍ ሊቅ እንዳልሆንኩ ግን በቅድሚያ ላሳውቅ እወዳለሁ። ሙያዬን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነኝ። የምናገረው ግማሹ በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹ ደግሞ ልጄ ከምትልክልኝ መጻሕፍት ያነበብኩት ነው።

የተወለድኩት በሰሜን ወሎ ቆቦ ሜዳ ላይ ነው። ቆቦን የሚያውቅ ሰው ማሽላን ያውቃል፤ ማሽላ ያለበት አገር ደግሞ ግሪሳ አይጠፋም። እህሉ ወተት መያዝ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስኪታጨድ ድረስ እኔና ታላቅ እህቴ ውሏችን ማማ ላይ ነበር። ልጆች፣ ማማ ማለት በማሳው መካከል በእንጨት ላይ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ መቀመጫ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ማሳው ሁሉ ይታያል። ወፍ ሳይነሳ እንወጣለን፣ ወፍ ሲያድር እንወርዳለን። በእጃችን ወንጭፍ፣ በጎናችን የጠጠር ክምር፣ በጉሯችን ጩኸት። ቀኑን ሙሉ ጮኸን ማታ ድምፃችን ተዘግቶ ነበር ቤት የምንገባው። አባቴ እራት ላይ የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዛሬ ስንት ጣላችሁ?»

አባቴን አልፈርድበትም። ግሪሳ በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር ትበልጣለች ተብሎ የተጻፈላት ወፍ ናት። አንዷ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል ጥሬ ነው ይባላል፤ ይህ በእጅ መዳፍ ላይ ቢታይ ኢምንት ነው። መንጋው አንድ ሚሊዮን ከሆነ ግን በቀን 10 ቶን እህል ሄደ ማለት ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣው ሌላ ግሪሳንም በአውሮፕላን መድኃኒት እየረጨ ሲከላከል የኖረው ለዚህ ነው። እኛ ግን አውሮፕላን አልነበረንም፤ የነበረን ወንጭፍ ነው። እኔም ደግሞ፣ ሳልኩራራ ልናገር፣ ዒላማዬ አይስትም ነበር።

እንግዲህ ያ ልጅ አድጎ፣ በስተርጅናው በገዛ ገንዘቡ ማሽላ ገዝቶ ለወፍ የሚበትን ሰው ሆነ። አባቴ በሕይወት ኖሮ ቢያየኝ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ እዚህ በልጆች ፊት ግን አልደግመውም።

ወደ ጁባ የመጣሁት በ1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ አብዛኞቻችሁ በመጣችሁበት ዘመን ነው። ከተማው የቧንቧ ውሃ የሚያገኘው ለጥቂት ሰው ብቻ ስለነበር ከናይል ቀድቶ በየቤቱ ማዳረስ ሥራችን ሆነ። የእኔ መኪና አሮጌ ነበረች፤ የኋላው ቧንቧ ቢጠበቅም ቢታሰርም ያንጠባጥባል። ማታ ግቢ ሳቆማት ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ስትል ታድራለች። ባለቤቴና ልጄ በ2000 ዓ.ም. ሲመጡ ልጄ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩን ላስነሳ ስወጣ መኪናዋ ሥር ቁጭ ብላ አገኘኋት። «አባዬ፣ ዝም በል! እየጠጡ ነው» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ቧንቧው ሥር በተፈጠረችው ትንሽ ኩሬ ዳር ሁለት ዋኔዎችና ከድንቢጥ የሚያንሱ አምስት ስድስት ወፎች ተሰልፈዋል። ሰላሳ ዓመት ያህል ወፍ ሳይ እጄ ጠጠር ይፈልግ ነበር፤ ያን ቀን ግን ልጄ ተቆጥታኝ ዝም አልኩ። በማግስቱ የእናቷን የድስት ክዳን ገልብጣ ቧንቧው ሥር አደረገች። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው። ቧንቧውን ካሠራሁት በኋላም ክዳኑን መሙላት የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ።

አሁን ስለ ወቅቶቹ ልናገር። ጁባ ላይ ብርድ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ጁባ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ እዚህ ወቅትን ከወቅት የሚለየው ውሃ ነው። ዝናቡ ሚያዝያ ገደማ ይገባና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ከዚያ እስከ መጋቢት ድረስ መሬቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አቧራው ይነሳል። እኛ ውሃ ሻጮች ገበያችን የሚደራው በዚህ ጊዜ ነው። የወፎቹም ገበያ እንደዚሁ።

በበጋ ጠዋት የውሃውን ሳህን ቁጭ ብሎ ለሚመለከት ሰው ሰልፉ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሚመጡት ዋኔዎች ናቸው። ዋኔና ርግብ ውሃ ሲጠጡ አንገታቸውን ቀና አያደርጉም፤ ምንቃራቸውን ነክረው እንደ ከብት ይስቡታል። ሌሎቹ ግን አንድ ጉንጭ ይይዛሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ይውጣሉ፣ ደግሞ ጎንበስ ይላሉ። ይህን ያስተዋለችው ልጄ ናት፤ እኔ በሺህ የሚቆጠር ወፍ አባርሬ አንድም ጊዜ አላየሁትም ነበር። ቀጥለው የሚመጡት ጥቃቅኖቹ ናቸው። አንደኛዋ ደረቷና ጅራቷ ሰማያዊ ሆኖ ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ ወንዱ በጉንጩ ላይ ቀይ ነጥብ ስላለው ልጄ «ሙሽራው» ብላ ሰይማዋለች፤ ሴቷ ነጥቡ የላትም። ሌላዋ ከጣት እምብዛም የማትበልጥ ቀይ ወፍ ናት፤ ሰው አትፈራም፣ ኩሽና ገብታ የወደቀ ጤፍ ትለቅማለች። በዚህ ከተማ የጤፍን ዋጋ ለምታውቁ እናቶች ይህ ቀላል ወንጀል አይደለም።

ጥሬ የሚበላ ወፍ ከሁሉ ይበልጥ ውሃ ይፈልጋል፤ ምግቡ ደረቅ ነውና። ትልና ፍሬ የሚበላው ከምግቡ ውስጥ ውሃ ስለሚያገኝ እንደ ልቡ ይመጣል። ማንጎው ላይ ሆኖ እንደ ሰው የሚንከተከተው ትልቁ ግራጫ ወፍ ሳህኑን ዞር ብሎም አያየው። ቁራው ደግሞ፣ ይኸው ደረቱ ነጭ የሆነው የጁባ ቁራ፣ ደረቅ ዳቦ ከየት እንደሆነ አምጥቶ ውሃው ውስጥ ነክሮ ይበላል። ውሃውን አቆሽሾ ይሄዳል እንጂ ብልህነቱን አልክድበትም።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ጥብቅ ነገር ልናገር፤ ከንግግሬ ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል። የወፍ ውሃ የወባ ትንኝ ማራቢያ መሆን የለበትም። የትንኝ እንቁላል ወደ በራሪ ትንኝ ለመለወጥ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት በየቀኑ የሚደፋና የሚታጠብ ሳህን ትንኝ አያወጣም፤ ለሳምንት የተረሳ ሳህን ግን ለጎረቤት ሁሉ በሽታ ነው። በየቀኑ መቀየር የማይችል ሰው ባያስቀምጥ ይሻላል። ሳህኑ ጥልቅ አይሁን፤ ሦስት አራት ጣት ይበቃል፤ ጥቃቅኖቹ እንዳይሰምጡ መሐሉ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ድመት ከምትደበቅበት ቁጥቋጦ ራቅ ይበል። የሞተ ወፍ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ምግብን በሚመለከት ጨው ያለበት ነገር ለትንንሽ ወፎች መርዝ ነው፤ ስለዚህ የወጥ ፍርፋሪ አይሰጥም። የሻገተ እህልም እንደዚሁ ይገድላቸዋል። አንድ እፍኝ ደረቅ ማሽላ ወይም ዳጉሳ፣ በጠዋት፣ ተበትኖ፣ በዚያው ቀን የሚያልቅ መጠን።

ጨው እንጂ በርበሬ ግን አያስፈራቸውም። ባለቤቴ ከግድግዳው ሥር ሚጥሚጣ ተክላ ነበር። ቀልቶ ሊለቀም ሲል ፍሬው ያልቃል። የሰፈር ልጅ ጠረጠረች፣ እኔን ጠረጠረች፤ በመጨረሻ ያገኘችው ራሱ ጠቆር ያለ ቡናማ ወፍ ነው፤ እንደ ከረሜላ ይውጠዋል። ለካ ወፍ የበርበሬን ማቃጠል አይሰማውም! ሳይንቲስቶች እንደሚሉት እኛን የሚያቃጥለን ንጥረ ነገር በወፍ አፍ ውስጥ የሚነካው ነርቭ የለም፤ አይጥና ሰው ፍሬውን ሲሸሹት ወፍ ይበላውና ዘሩን ሳይፈጨው ሌላ ቦታ ያወርደዋል። ተክሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «እንግዲያውስ በየሰፈሩ ተክለውልኝ ከሆነ ይክፈሉኝ» አለች።

ዝናቡ ሲገባ ሳህኑ ይረሳል፤ በየጉድጓዱ ውሃ ሞልቷል። የክረምት ትዕይንት ሌላ ነው። ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪዎች ዛፉን ይወርሩታል። ሠራተኛው ወንዱ ነው፤ ቅጠልና ሣር እየሰነጠቀ በአፉ ብቻ ይሸምናል። ጎጆው ሲያልቅ ሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ገብታ ታያለች፣ ትፈትሻለች፣ ካልወደደችው ትወጣለች። ጎጆው አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ከደረቀ የሚገባበት ስለማይኖር ወንዱ ራሱ በጣጥሶ ያፈርሰውና በዚያው ቦታ ሌላ ይጀምራል። በዚህ ከተማ ሆቴል ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ እንደገና የከፈተ ወንድም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት እንዳለ አውቃለሁና አስተያየት አልሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሁላችንም እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ እየተባባልን ያደግን ነን። የመስቀል ወፍ ከአደይ አበባ ጋር መጥታ ከአደይ አበባ ጋር የምትሄድ፣ የት እንደምትከርም የማይታወቅ ወፍ ናት ተብሎ ተነግሮናል። የትኛዋ ወፍ እንደሆነች አገር እንደ አገሩ ይለያያል፤ አንዱ ቢጫና ጥቁሩን፣ አንዱ ጅራተ ረጅሙን፣ አንዱ ቀዩን ያሳያል። በሐምሌ ወር ገደማ ከግቢያችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ሣሩ ሲያድግ እሳት የመሰለ ቀይ ወፍ፣ ሆዱና ግንባሩ ጥቁር የሆነ፣ ሣሩ ጫፍ ላይ ተነፋፍቶ ሲዘል አየሁ። «የመስቀል ወፍ ጁባ መጣች!» ብዬ ባለቤቴን ጠራሁ። ኅዳር ላይ ጠፋ። በዓመቱ ሐምሌ ተመለሰ።

የት ሄደ? ልጄ ትምህርት ቤት ከደረሰች በኋላ ከመጽሐፍ አንብባ የነገረችኝ ይህን ነው፦ የትም አልሄደም። ቀዩን ልብስ ወንዱ የሚለብሰው ለመራቢያው ወቅት ብቻ ነው። ዝናቡ ሲያልፍ ላባውን ያረግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል። በጋውን ሁሉ ከድንቢጥና ከግሪሳ ጋር ተቀላቅሎ ከሳህናችን ይጠጣል፤ እኛ አናውቀውም እንጂ። በአገራችን የመስቀል ወፍ ከሚባሉት ብዙዎቹም የዚሁ ዓይነት ባሕርይ አላቸው፤ ክረምቱን አጊጠው መስቀል ላይ ይታያሉ፣ ከዚያ በሥራ ልብስ ከእኛው ጋር ይኖራሉ።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። መጀመሪያ የመጣብኝ ማማው ነው። በቆቦ እህሉ የሚጠበቀው መስቀል ካለፈ በኋላም ነው፤ ወንዶቹ ልብሳቸውን የሚቀይሩበት ጊዜ። ቀዩ ወፍና ግሪሳ የአንድ ቤተሰብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቡናማ ሆነው ሲታዩ ለመለየት ዛሬም ይቸግረኛል። እንግዲህ ለአባቴ «ዛሬ አሥራ ሁለት ጣልኩ» ስል ከአሥራ ሁለቱ ስንቱ የመስቀል ወፍ ነበር? እህቴ ደውላልኝ ይህን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም ብላ «እኛ እኮ በየዓመቱ መጣች አልመጣች እያልን እንጠብቃት ነበር» አለች።

ከሩቅ ስለሚመጡት ደግሞ ጥቂት ልበል። ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓና የእስያ ብርድ የሚያባርራቸው ወፎች በናይል ሸለቆ ተከትለው ይወርዳሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ትንሽ ወፍ ብታዩ ከእንግሊዝ ወይም ከሩሲያ የመጣች ልትሆን ትችላለች፤ ቪዛም አልተጠየቀችም። ነጩ ሽመላም እንዲሁ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ሜዳዎች ላይ ያልፋል፤ በሞቃቱ አየር ላይ ክንፉን ሳያራግብ እየዞረ ከፍ ይላል። የአውሮፓ ሰዎች በጥንት ዘመን ሽመላ በክረምት የት እንደሚገባ አያውቁም ነበር። በ1822 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ክሉትስ በምትባል ከተማ አጠገብ አንገቱ ላይ ረጅም ጦር የተሰካበት ሽመላ ተያዘ። እንጨቱ ሲመረመር ከአፍሪካ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ያ ወፍ እዚህ አህጉር ላይ ተወግቶ፣ ጦሩን አንገቱ ላይ እንደያዘ በረሃውንና ባሕሩን አቋርጦ ቤቱ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ደርቆ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ይህን ታሪክ ለልጆች ስነግር «ከዚያስ ምን አደረጉት?» ይሉኛል። ተኩሰው ነው የያዙት። ይህም ታሪክ ነው።

በበጋ በሰፈራችን ሽቦ ላይ አንድ ሰማያዊ፣ ጅራቱ ላይ ሁለት ረጃጅም ክሮች ያሉት ወፍ ይቀመጣል። ሰሜኑ ሲደርቅ ወደዚህ ወረድ የሚል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ በ1783 እ.ኤ.አ. ሲወጣለት «አቢሲኒከስ» ተባለ፤ ሐበሻው ማለት ነው። ባየሁት ቁጥር «አገርህን ትተህ ምን ልትሠራ መጣህ?» እለዋለሁ። እሱም ያየኛል።

ስለ ልጆቻችን ቋንቋ በስብሰባችን ስንት ጊዜ እንደተከራከርን ታስታውሳላችሁ። ኩሽና የምትገባው ቀይዋ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ፣ ሌላ ጥቁር ሰማያዊ ወፍ እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል። ጫጩቱን ቀይዋ ታሳድገዋለች። ወንዱ ሲያድግ የሚዘምረው ያሳደገውን አባት ዜማ ነው። ሮበርት ፔይን የሚባሉ የአሜሪካ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ጫጩቶች ጨርሶ ከሌላ ዓይነት ወፍ ሥር አሳድገው ሞክረውታል፤ ወንዶቹ ያሳደጓቸውን ወፎች ዜማ ይዘው አደጉ። ሆኖም ከአሳዳጊው ዜማ መካከል የራሱ ዘር ብቻ የሚያሰማውን ጉርምርምታ ይጨምርበታል። ልጆቻችን በጁባ ዓረብኛ ሲጨቃጨቁ በሰማሁ ቁጥር በመካከሉ «ውይ!» የሚል ቃል ስለምሰማ እኔ በበኩሌ ብዙ አልጨነቅም። ሌላ አስተያየት ያለው ወንድም ከእራት በኋላ ያናግረኝ።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልናገር። ሐምሌ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በጁባ የተነሳውን ተኩስ ብዙዎቻችሁ እዚሁ ሆናችሁ አሳልፋችሁታል። አራት ቀን ከቤት አልወጣንም። በግቢያችን አምስት ቤተሰብ ነበረ፤ መኪናዬ ባዶዋን ቆማለች፤ ያለን ውሃ አንድ በርሜል ከግማሽ ነው። በኩባያ እየሰፈርኩ የማድለው እኔ ነበርኩ፤ ውሃ የእኔ ሙያ ነዋ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ አልዘነበም። ልጄ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የድርሻዋን ኩባያ ይዛ በመስኮቱ በኩል እጇን አውጥታ ሳህኑ ላይ ልታፈስ ስትል ያዝኳት። ጮህኩባት። ከዚያ በፊት እንደዚያ ጮኬባት አላውቅም። «ሰው ሊሞት ነው አንቺ ስለ ወፍ ታስቢያለሽ!» አልኳት። ውሃው የራሷ ድርሻ ነበር። መልሳ ጠጣችው፤ ምንም አላለችኝም።

መንገዱ ሲከፈት ባለቤቴንና ልጆቼን ወደ አዲስ አበባ ላክኋቸው፤ እኔ መኪናዬን ትቼ መሄድ ስላልቻልኩ ቀረሁ። በስልክ ስንገናኝ እኔና ልጄ የምንባባለው ይጠፋን ነበር። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ትምህርትሽስ?» «ደህና ነው።» አንድ ቀን ዝም ብላ ቆይታ «አባዬ፣ ውሃውን ቀየርክላቸው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ዋሸሁ። ሳህኑ በዝናብ ውሃ ሞልቶ ትል አፍርቶ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ፣ ደፋሁት፣ በአሸዋ ፈተግሁት፣ ሞላሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየእሁዱ ስትደውል የምነግራት ነገር አገኘሁ። ሙሽራው መጣ፣ ቀዩ ልብሱን ለወጠ፣ ቁራው ዳቦ ነከረ። እሷ በዚያ በኩል ትጽፋለች፤ እኔ በዚህ በኩል በደብተር እጽፋለሁ። ስለዚያ ኩባያ ግን እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አልተነጋገርንም ነበር፤ አሁን ተነጋግረናል፤ ያ የእኔና የእሷ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልዘረዝረውም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ.፣ በዩኒቲ ግዛት በሊርና በማየንዲት ረሃብ መግባቱ በይፋ ታወጀ። ጁባም ዱራ ተወዶ ነበር። እኔ ግን እንደ ልማዴ ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ማሽላ እበትናለሁ። የአጥር ጎረቤቴ አንዲት የአገሩ እናት ናቸው፤ የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል ቆመው ሲያዩኝ አየሁ። አልተቆጡም። በዓረብኛ «አንተ አባት፣ ይህ ለወፍ ነው?» ብቻ አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ያደግሁት ከወፍ አፍ እህል ሲነጥቅ በኖረ ቤት ውስጥ ነው፤ ጥያቄያቸው የአባቴ ጥያቄ ነበር።

በማግስቱ አልበተንኩም። ውሃውን ብቻ ሞላሁ። የቀረችኝን ማሽላ በፌስታል አድርጌ ወደ እሳቸው ላክሁ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ፦ እህል ወደማስፈጭበት ወፍጮ ቤት ሄጄ ከወለሉ ላይ የሚጠረገውን ጥራጊ ለመንኩ። ባለ ወፍጮው ሊጥለው የነበረ ነው፤ በነፃ ሰጠኝ። ወደ ቤት አምጥቼ እሳቸው ያነፍሱታል፤ እንደ እሳቸው አድርጎ የሚያነፍስ ሰው አላየሁም። ደህናው ጥሬ ለእሳቸው ዶሮዎች ይሆናል፣ ከሳንቲም የማይበልጠው ግርድ ለወፎቹ ይሄዳል። እስከ ዛሬም እንደዚሁ ነው። ማሽላ እየገዛ የሚበትን ሰውዬ እያላችሁ የምታሙኝ ካላችሁ በዚህ አርሙኝ፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ለወፍ ማሽላ ገዝቼ አላውቅም።

ስለ ትልልቆቹ ወፎች፣ ስለ አባ ኮዳና ስለ ጥንብ አንሳ ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ ሰዓቱ ግን አይበቃም። አንድ ነገር ብቻ፤ የሰፈር ልጆች በድንጋይ የምትመቱት ያ ራሱ መላጣ ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እኔም በዕድሜያችሁ ወንጭፍ ነበረኝ፤ ስለዚህ አልሰድባችሁም። ግን ተዉት።

ልጆች፣ ነገ እሁድ ነው። ማየት የምትፈልጉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሩን ክፍት አደርገዋለሁ። የደቡብ ሱዳን መንግሥት በ2021 እ.ኤ.አ. ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመልሰው አዋጁ ለወፎቹ አልደረሳቸውም፤ እነሱ ዛሬም በፀሐይ ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ የሚያረፍድ ልጅ ባዶ ሳህን ነው የሚያገኘው። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ፤ ጠጠሩ ላይ ሲረገጥ ይጮሃል። ሳህኑን ማን እንደሚያጥብ በዕጣ እናወጣለን። ልጄም ከአዲስ አበባ በስልክ ትከታተላለች፤ የምታዩትን የሚነግራት አንድ ጮክ ብሎ የማይናገር ልጅ እፈልጋለሁ።